ወንድም የለኝም

ማርች 3፣ ሰኞ

ሲያካፋ ዋለ። ክሊኒኩ ጢም ብሎ ነበር። ሽማግሌ ታካሚዎቼ፣ ብዙዎቹ የቀድሞ እስረኞች፣ እንደ ልማዳቸው ከቀጠሮአቸው ቀድመው መጥተው፣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ፣ በር በሩን እያዩ ተቀምጠዋል። «እንቅልፍ እንዴት ነው?» ስላቸው «ደህና።» ሁሉም ደህና። ደህና የሚተኛ ሰው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ምን ሊሠራ ይመጣል? አንዳንዴ ደመወዜን የሚከፍሉኝ ይህችን «ደህና» ለመስማት ብቻ ይመስለኛል።

ቤት ስገባ አባባ ፎ፣ የቬትናማችንን የሩዝ ኑድል ሾርባ፣ ሠርተው ጠበቁኝ። እማማ ከሞቱ ወዲህ ኩሽናው የእሳቸው ግዛት ነው። ሽንኩርት እንኳ አያስነኩኝም። «አንቺ የሰው ጭንቅላት ክተፊ» ይሉኛል።

ኤልስተን ደወለች። ይቺ ሴትዮ ባለፈው ዓመት እዚሁ ቨርጂኒያ አንድ ስብሰባ ላይ ስናገር ሰምታኝ ነው ነገሩ የተጀመረው። ያወራሁት ተይዞ የተመረመረ ሰው፣ በኋላ በደግነት ሲጠይቁትም ለምን እንደሚዋሽ ነበር። ስወጣ ኮሪደር ላይ ያዘችኝ። «ይህን ለእኛ ሰዎች ታስተምሪልኛለሽ?» «እናንተ እነማን ናችሁ?» «የብሔራዊ ደህንነት ሰዎች።» ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ዛሬ ደግሞ «የደህንነት ፈቃድ ቅጽሽን አይተነዋል፤ አሁን አጣሪ ይመጣል» አለችኝ። «አለቃሽን ያናግራል፣ ጎረቤትሽን ያናግራል፣ አባትሽን ያናግራል።»

አባቴን... ለአባባ እስካሁን ትንፍሽ አላልኩም። ምን ብዬ ልጀምር? ኮት የለበሰ ሰው መጥቶ ስለ ሕይወትዎ ይጠይቅዎታል ልበል? ለእሳቸው?

ማርች 5፣ ረቡዕ

ነገርኳቸው። ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ክሊኒኩ ምን አለው?»

«ምንም። ግን እኔ ጋ የሚመጡት ከተሰበሩ በኋላ ነው። ሳይሰበሩ በፊት፣ ጠያቂው ጋ ቀድሜ መድረስ እፈልጋለሁ።»

ደሴቷን አነሳሁባቸው። የማሌዥያው የስደተኞች ካምፕ፣ ስምንት ዓመቴ። አባባ አንድ ወጣት ፈረንጅ ጠያቂ ፊት ቆመዋል። ልጁ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። «ትዋሻለህ» አለ በአስተርጓሚ። እማማ እጄን ጨብጠው ነበር፤ ጥፍራቸው አሁንም ይሰማኛል። በዚያ ምክንያት አንድ ሙሉ የዝናብ ወቅት ደሴቷ ላይ ቀረን። ልጁ ክፉ አልነበረም። መጠየቅ አያውቅበትም እንጂ። ያንን ልጅ ማስተማር ነው የምፈልገው። ሌላ ትልቅ ምክንያት የለኝም።

«ያ ልጅ እንኳ ልክ ነበር» አሉ አባባ።

«ምኑ?»

«ምንም። ሾርባሽ ቀዘቀዘ።»

ዕቃ ሲያጥቡ ደግሞ እንዲህ አሉኝ፦ «ለጠያቂ ሁለት ነገር ነው። አጭር መልስ። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ።» ከተሃድሶ ካምፕ ይዘውት የመጡት ነው። ሳይጎን በሰሜኖቹ እጅ ከወደቀች በኋላ እዚያ ስድስት ዓመት አስረዋቸዋል። የሕይወት ታሪክህን ጻፍ ይሏቸዋል፤ ይጽፋሉ። ወር ቆይቶ እንደገና ጻፍ። ከዚያ ሁለቱን ያስተያያሉ... ከዚህ በላይ ነግረውኝ አያውቁም።

ማርች 11፣ ማክሰኞ

አጣሪው መጣ። ስሙ ሪስ ነው። እኔ ቤት መገኘት ስለማይፈቀድልኝ በር ላይ ተላለፍን፤ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲያወልቅ ነው ያየሁት። አባባ ከጠዋቱ ጀምሮ ሸሚዝ ሲተኩሱ ነበር። አንዱን ተኩሰው ይሰቅላሉ፣ ያወርዱትና ሌላ ይተኩሳሉ።

ስመለስ ኩሽና ውስጥ እያንጎራጎሩ አገኘኋቸው።

«እንዴት ነበር?»

«ደህና።»

ይኸው። በገዛ ቤቴም።

«ካልሲው ቀዳዳ አለው» አሉኝ። «ጨዋ ልጅ ነው፣ ሻዬን ጨረሰልኝ። አንድም ነገር አልነገርኩትም።» በኩራት ነው የሚሉት።

ማርች 12፣ ረቡዕ

እትዬ ሳው ጋም ሄዷል። ጎረቤታችን ናቸው፤ ገበያው ውስጥ ዳቦ ቤት አላቸው። «ስለ ጠባይሽ ጠየቀኝ» አሉ። «አለማግባትሽን ነገርኩት። ምናልባት እሱም ካላገባ ብዬ።»

ማርች 19፣ ረቡዕ

ሪስ ቢሮው ጠራኝ። ውሃ ቀዳልኝ። ውሃ ሲቀዱልኝ ጥሩ ወሬ እንደሌለ አውቃለሁ፤ እኔም ለታካሚዎቼ የማደርገው ይህንኑ ነው።

«ዶክተር ፋን፣ ሃኖይ አጎት አለኝ ብለዋል። ጡረታ የወጡ የሰሜን ቬትናም ጦር ሰው።»

«አዎ። የአባቴ ታላቅ ወንድም።»

«አባትዎ ወንድም የለኝም አሉኝ።»

«ጥያቄው አልገባቸው ይሆናል።»

«በሦስት መንገድ ጠየቅኳቸው። ወንድም የለኝም፣ ኖሮኝም አያውቅም። ሦስቱም ጊዜ ቃል በቃል።»

ቃል በቃል። እንዴት አይሆን...

አጎቴ ኪየም እኮ አሉ። በአያቴ ሙት ዓመት፣ በየዓመቱ፣ አባባ ስልኩን ይዘው መኝታ ቤታቸው ይገቡና በሩን ይዘጋሉ። የሚያወሩት ከእሳቸው ጋር ነው። አንድ ጊዜ ስልኩን አቀብለውኝ አንድ ሻካራ ድምፅ «አደግሽ?» ብሎኛል። ቤታችን ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፤ የሚያነሳውም የለም። እኔ ቅጹ ላይ የጻፍኩት እውነት ስለሆነ ነው። አባባ ይክዳሉ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

ሪስ ቀጠለ። «ወይ እርስዎ የሌለ ሰው ጽፈዋል፣ ወይ አባትዎ ለእኔ ዋሽተዋል። ቤተሰቧ የሚደብቀው ዘመድ ያላትን ሴት ነገ የሌላ አገር ሰላይ መጥቶ በዚያው ምስጢር ያስፈራራታል።» ልክ ነው። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ይህንኑ እላለሁ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዕድሜያቸውም ገፍቷል... መርሳት ጀምረው ከሆነ የሐኪም ወረቀት ያምጡልኝ። ነገሩ እዚያው ያልቃል።» ለእኔ አስቦ ነው። «አለዚያ ኤፕሪል ሳያልቅ እንደገና አናግራቸዋለሁ። ያኔም የለኝም ካሉ የምጽፈው አንድ ነገር ነው፤ ሥራውን አያገኙትም።»

የመርሳት በሽታ። ለአባባ። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ስልክ በቃላቸው የሚይዙ ሰውዬ።

ማርች 20፣ ሐሙስ

«አጎቴን ለምን ካዱ?»

አትክልት እያጠቡ ነበር። ዞር አላሉም።

«አንቺ ለምን ጻፍሽ?»

«ስላሉ ነዋ።»

«እኔን ሳትጠይቂ?»

«አባባ፣ በየዓመቱ ያወራሉ እኮ። እኔ መስማት የተሳነኝ ነኝ?»

«በር ዘግቼ ነው የማወራው።» ውሃውን ዘጉ። «ወንድም የለኝም። ሰውዬው ቢመለስም ይህንኑ ነው የምለው። ሥራ ነው፣ ሌላ ሥራ አለ።»

በሰላም ነው ያሉት። ባይሆን ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። የሰው ልብ መክፈት ነው ሙያዬ ብዬ አገር ለአገር እዞራለሁ... የገዛ አባቴ ፊት ቆሜ ቁልፉ ጠፋኝ።

ማርች 22፣ ቅዳሜ

እትዬ ሳው ዳቦ እየጠቀለሉልኝ፦

«አርጅተዋል በይና ጻፊ። ማን ይጎዳል?»

«አባባ ናቸዋ።»

«የት ይሰሙታል።»

«እኔ እሰማዋለሁ።»

«አይ አንቺ» አሉኝ። «በትምህርት ብዛት ኑሮ ከበደሽ። እኔ ብሆን ሁለታችሁንም አብደዋል ብዬ እፈርም ነበር።»

ሳቅኩ። ግን እውነቱን ለመናገር ትናንት ሙሉ ቀን ሳስበው ነው የዋልኩት። አንድ የማውቀው ሐኪም ጋ ብደውል በአንድ ከሰዓት ያልቃል። ስንት ዓመት «ፈርቶ እንጂ ታሞ አይደለም» እያልኩ የተሟገትኩት ለማን ነበር ታዲያ? ለሰው አባት ብቻ?

አልደውልም።

ማርች 30፣ እሑድ

አንድ መላ መጣልኝ። ባልመጣ ይሻል ነበር።

የአያቴ ሙት ዓመት በጨረቃ አቆጣጠር ነው፤ ዘንድሮ ኤፕሪል 12፣ ቅዳሜ ይውላል። በዚያ ቀን ሳሎናችን ውስጥ መሠዊያው ላይ የአያቴ ፎቶ ይወለወላል፣ ሳህናቸውና መመገቢያ እንጨታቸው ይቀርባል፣ ምግቡ ትኩሱን ይቀመጥላቸዋል። እሳቸው ሳይቀምሱ እኛ አንቀምስም። በሩን ያንኳኳ እንግዳ ሁሉ ይገባል። አባባ በዚያ ቀን፣ በዚያ ፎቶ ፊት፣ ውሸት ከአፋቸው አይወጣም። አንድ ዓመት እትዬ ሳው «ዶሮው ጣፈጠ ወይ?» ቢሏቸው «ጨው በዝቶበታል» ያሉ ሰው ናቸው። በሌላ ቀን ቢሆን ይሞቷታል እንጂ አይሏትም።

ሪስን ቅዳሜ ብቀጥረውስ? ፎቶው ትይዩ ባስቀምጣቸውስ? «ወንድም አለዎት?» ሲላቸው...

ይሠራል። እንደሚሠራ አውቃለሁ። የሚያስፈራኝም መሥራቱ ነው። ሰውየው የሚወደውን ነገር ፈልገህ እዚያ ላይ ጫን። ኤልስተን ሰዎቿ እንዳያደርጉት አስተምሪልኝ ያለችኝ ይህንን አይደለም? መጀመሪያ የምሞክረው በአባቴ ላይ ይሁን?

ኤፕሪል 1፣ ማክሰኞ

ሪስ ደወለ። «ቅዳሜ 12 ወይስ ሐሙስ 17?»

ካላንደሩ ላይ ጣቴን 12 ላይ አሳረፍኩ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎት «ሃሎ?» አለ።

«ሐሙስ» አልኩት።

ከዘጋሁ በኋላ ሥራውን በገዛ እጄ የሸኘሁት መሰለኝ። ይሁን። ክሊኒኩ አለ፣ ሽማግሌዎቼ አሉ። ደህና... ደህና... ደህና...

ኤፕሪል 6፣ እሑድ

ለቅዳሜው የመሠዊያውን ናስ አወረድንና ወለሉ ላይ ተቀምጠን መወልወል ጀመርን። አባባ መቅረዙን፣ እኔ ዕጣን ማስቀመጫውን።

«መቼ ቀጠርሽው ሰውዬውን?»

«ሐሙስ 17።»

«ለምን ቅዳሜ አላደረግሽውም?» ቀና አላሉም። «ቅዳሜ ነበር የሚሻልሽ። አባቴ ፊት እንደማልዋሽ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«እና?»

«ለዚያ ነው ያላደረግሁት።»

ጨርቁን ይዘው ቀሩ። ከዚያ ጀመሩ። በአንድ ትንፋሽ አይደለም፤ እየወለወሉ፣ እየተዉ፣ እየቀጠሉ።

«የኩዊ ኞን ወደብ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ አገሩ ሰሜንና ደቡብ ተብሎ ተከፍሏል። ጋሼ ኪየም መርከብ ሊሳፈር ነው፣ ወደ ሰሜን። ሁለት ዓመት ብቻ ነው የምትቆዩት ብለዋቸዋል። ወደ ጥግ ጎትቶ ወሰደኝ። ስማ አለኝ፤ እኔ ወዲያ ነኝ፣ አንተ ወዲህ ነህ። ከዛሬ ጀምሮ የጠየቀህ ቢጠይቅህ ወንድም የለህም፤ እኔም የለኝም። በዱላም ቢጠይቁህ፣ በማርም ቢጠይቁህ። በአባታችን ማል አለኝ። ማልኩ።»

ሁለት ዓመቱ ሃያ ሆነ። አባባ በደቡቡ ጦር ሻምበል ሆኑ። የጦሩ ደህንነት ጠየቃቸው፤ የለኝም። ሳይጎን ወደቀች፣ ካምፕ ገቡ፤ የለኝም።

«እዚያማ» አልኳቸው፣ «ከአሸናፊዎቹ ጋር ወንድም አለኝ ቢሉ ይጠቅምዎ አልነበር?»

«እኔን ይጠቅመኛል። እሱንስ? የጠላት ሻምበል ወንድም ሊባል ነው። ሥራው አለ፣ ልጆቹ አሉ።» ናሱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩት። «አንድ ቀን ካምፑ መጣ። ዩኒፎርም ለብሶ። ለጠባቂው የሰፈሬ ሰው ነው አለው። ስኳርና የደረቀ ዓሣ ሰጠኝ። እንደምን አሉ? አለኝ። ደህና ነኝ፣ እርስዎስ? አልኩት። የእናቴን ልጅ እርስዎ አልኩት። ከዚያ፣ እኚያ ሽማግሌ አርፈዋል፣ በወጉ ተቀብረዋል አለኝ። የአባታችንን መርዶ እንደ ጎረቤት ነገረኝ። ጠባቂው አጠገባችን ቆሟል። የት ላልቅስ?»

እኔም የት ላልቅስ። አንጀቴን በሉት። ማስቀመጫውን ሳሻሽ ሳሻሽ ጣቴ ጠቆረ።

«ያ የደሴቷ ልጅ ልክ ነበር ያልኩሽ ለዚህ ነው። መዋሸቴ ገብቶታል። ለምን እንደምዋሽ ነው ያልገባው።» ፈገግ አሉ። «አሁን ገባሽ? ቅዳሜ ብታመጪው አባቴ ፊት መዋሸት አልችልም፤ በአባቴ የማልኩትንም ማፍረስ አልችልም። ሁለት ቢላዋ መሃል ታገቢኝ ነበር።»

ሐሙስ ማለቴ እንዴት ደግ ሆነ። ሁለተኛ አላስበውም እንዲህ ያለውን መላ።

«መሐላውን ማን ይፈታል?» አልኩ ቆየት ብዬ።

«ያስማለኝ።»

«ታዲያ ቅዳሜ ሲያወሩ አይጠይቋቸውም?»

«እንዲህ ያለው በስልክ አይጠየቅም» አሉና መቅረዙን ቦታው መለሱ።

ኤፕሪል 12፣ ቅዳሜ

እጄ ዝሏል፣ ግን ልጻፈው።

አባባ ዓሣውን በዝንጅብል በሸክላ ድስት ሠሩ። መሠዊያው ላይ አቀረቡ፣ ዕጣን ለኮሱ፣ ሰገዱ። ከዚያ ስልኩን አነሱ። እኔ እንደ ሌላው ዓመት ወደ ኩሽና ልሄድ ስል፦

«በሩን አትዝጊው» አሉኝ። «ነይ፣ ድምፁን ከፍ አድርጊልኝ።»

ሃኖይ መሽቷል። አጎቴ አንስተው፦

«ምነው ዘገየህ? እኛ በልተን ጨርሰናል።»

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ።»

«ዓሣውን በዝንጅብል ነው የሠራኸው፣ አውቃለሁ። ስንቴ ልንገርህ? አባታችን በቁንዶ በርበሬ ነበር የሚወዱት።»

«የወደቡን ነገር ነው።»

ከወዲያ የሞተር ሳይክል ጥሩምባ ይሰማል።

«ልጅቷን መንግሥት ለሥራ ፈልጓታል» አሉ አባባ። ቀጥ ብለው ቆመዋል። «ወንድም አለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። የለኝም አልኩ፣ እንደ ቃላችን። አሁን... ትፈታኛለህ?»

«አንተ ካይ... እስከ ዛሬ?»

«እስከ ዛሬ።»

«እኔማ ከተናገርኩ ስንት ዘመኔ። ጡረታ ስወጣ ቀበሌው ጠየቀኝ። አሜሪካ ወንድም አለኝ፣ ሻምበል ነበር፣ ግትር ነው አልኳቸው።»

«ምን አሉህ?»

«ዶላር ይልክልሃል ወይ አሉኝ።»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። አባባ አልሳቁም።

«ለእኔ ሳትነግረኝ?»

«ጊዜው እንደተለወጠ ታውቃለህ ብዬ ነዋ። ቆይ... በየዓመቱ የምታንሾካሹክልኝ ለዚህ ነው? እኔ እኮ ጉሮሮህን ያመመህ መስሎኝ። ለባለቤቴ ካይ አርጅቷል፣ ድምፁ አልቋል እላታለሁ።»

አባባ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወደ ጓሮ ወጡ።

«ልጄ፣ አለሽ? የት ሄደ?»

«ጓሮ።»

«ተይው፣ ይመለሳል። ድሮም ሲከፋው ጓሮ ነው።» ድምፃቸው ተለወጠ። «ፈትቼሃለሁ በይው። አባታችን ፎቶ ፊት ቆሜ ነው የምለው በይው። ደግሞ... ልጅ ነበርን በይው። ልጅ ሆኜ ነው ይህን ሁሉ ዘመን ያሸከምኩት።»

ወጥቼ ነገርኳቸው። አጥሩን ይዘው ቆመዋል። ዓይናቸውን በሸሚዛቸው እጅጌ ጠረጉ፤ በዚያ ሲተኩሱት በዋሉት ሸሚዝ። ከዚያ ገብተው የሪስን ካርድ ከማቀዝቀዣው ላይ አነሱና ራሳቸው ደወሉ።

«ሚስተር ሪስ፣ ና ዛሬ... ቅዳሜ መሆኑን አውቃለሁ... ሐሙስ ሩቅ ነው።»

መጣ። ከልጁ የኳስ ጨዋታ ላይ ተነስቶ ነው። ለሙት ዓመቱ የመጡት እትዬ ሳው ልጅ እንዳለው ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። እኔ እንደ ደንቡ ጓሮ ወጣሁ። አባባ ግን መስኮቱን ወለል አድርገው ከፈቱትና እኔም ጎረቤቱም እንዲሰማ አድርገው፦

«ጥያቄህን ድገመው።»

«ወንድም አለዎት?»

«አለኝ። ፋን ዲን ኪየም። ታላቄ ነው፣ ሃኖይ ነው የሚኖረው። የሰሜን ጦር መንገድ ሠሪ ነበር። ይህን የምታየውን አባቴን የቀበረው እሱ ነው።»

«ለምን የለኝም አሉኝ ታዲያ?»

«እስከ ዛሬ ስለ እሱ የጠየቁኝ ሁሉ ሊያጠፉት ነበር የጠየቁኝ። አንተን ከእነሱ በምን ልለይህ?»

ከዚህ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ብዙ አወሩ። የወደቡን፣ ስኳሩን፣ የደረቀውን ዓሣ። ከዚያ ለአጎቴ ተደወለ። አጎቴ ከሃኖይ ይጮሃሉ፣ አባባ ይተረጉማሉ። አጎቴ «ይህ ሰውዬ ሥራ የለውም? ቅዳሜ ለቅዳሜ የሽማግሌ ቤት ይዞራል?» ሲሉ አባባ በእንግሊዝኛ «ስለተገናኘን ደስ ብሎኛል እያለ ነው» ይላሉ።

ሲነሳ እትዬ ሳው ሳህን ይዘው በሩን ዘጉበት። «ስጦታ መቀበል አይፈቀድልኝም» አላቸው።

«ስጦታ ማን ሰጠህ? የሟች ነው። እምቢ ካልክ ከሟቹ ጋር ተነጋገር።»

ፎቶውን አየት አደረገና ተቀመጠ። ዓሣውን በላ። አባባ ጎንበስ ብለው፦

«ዝንጅብሉ በዝቷል?»

«ጥሩ ነው» አለ።

«ጻፈው ይህንንም» አሉት።

ጁን 9፣ ሰኞ

ምንም የለም። ከኤልስተን መሥሪያ ቤት አልደወሉም። አባባ ሲጠይቁኝ «ይደውላሉ» እላለሁ... ለራሴም ያንኑ።

ኦገስት 21፣ ሐሙስ

ፈቃዱ ወጣ። ኤልስተን ስትነግረኝ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነበርኩ። እዚያው መሪውን ይዤ አለቀስኩ። ደስታ ነው፣ ሌላም ነገር ነው።

ክሊኒኩን ተሰናበትኩ። ከሽማግሌዎቼ አንዱ፣ ሁልጊዜ «ደህና» የሚሉኝ፣ ካፖርታቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። «እንቅልፍ የለኝም» አሉ። በመጨረሻው ቀን። ለምትተካኝ ልጅ አደራ ብዬ ሰጠኋት።

ሴፕቴምበር 12፣ ዓርብ

አዲሱ ሥራ ላይ ሳምንት ሆነኝ። ስለ ሥራው እዚህ አልጽፍም። እዚህም ቢሆን።

ስገባ አባባ ስልክ ላይ ነበሩ። በሩ ወለል ብሏል። አሁን በየቀኑ ነው የሚያወሩት፣ እየጮሁ፤ እትዬ ሳው ከቤታቸው ሆነው ክርክር እየፈረዱ ነው። ለመጪው ሙት ዓመት አባባ ሃኖይ ሊሄዱ ነው። ከዚያ ወደብ በኋላ ከዚያች ከካምፑ ቀን ሌላ አልተያዩም። ዓሣውን በሁለት ድስት እንሥራ ብለው ተስማምተዋል፣ አባታችን ይምረጡ ብለው።

እኔ አብሬ ልሂድ ብል መሥሪያ ቤቱን ፈቃድ መጠየቅ አለብኝ። ላይሰጡኝም ይችላሉ። አጎቴን በዓይኔ ሳላያቸው ብቀርስ? ይህን ሳስብ ይከፋኛል። ግን የመረጥኩት እኔው ነኝ።

እራት ላይ አባባ የቀኑን ወሬ ሁሉ ዘረገፉልኝ። አጎቴ ያሉትን፣ የአጎቴ ሚስት ያሉትን፣ ድሮ ጓሯቸው ውስጥ የነበረውን የማንጎ ዛፍ፣ ማን እንደወደቀበት። ዕድሜዬን ሙሉ ያልሰማሁት ነው። ጉንጫቸው ቀልቷል። ከዚያ ድንገት ቆም አሉ።

«እኔ ብቻ አወራሁ። አንቺስ? ዛሬ ምን ሠራሽ?»

«ሥራ።»

«ምን ዓይነት ሥራ?»

«ደህና ነው፣ አባባ።»

አዩኝ። ከዚያ የዓሣውን ጉንጭ፣ ሁልጊዜ ለእንግዳ የሚሰጡትን፣ ነቅለው ሳህኔ ላይ አኖሩልኝ።

«ጎሽ» አሉ። «አጭር ነው። ነገም እንዲሁ በይኝ።»